በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪን ማዞር፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ስልክ የቤተ ሰብ መገናኛ ከሆነ ቆይቷል። በጊንጪም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በባኮ፣ ልጁ ወይም እኅቱ በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር የምትኖርበት ሰው ብዙ ነው፤ በአዲስ አበባ የሚሠራ ዘመድ ያለውማ ቁጥር ስፍር የለውም። ከዚህም የተነሣ «ስልኬን አዙሬዋለሁ»፣ «የአሜሪካ ቁጥር አውጥቻለሁ፤ ሲደወልልኝ እዚሁ አምቦ ይጮኻል» የሚል ቃል በየሻይ ቤቱ ይሰማል። ቃሉን የሚናገረው ሰው ብዙ ሲሆን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎዳ የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመምህራን ጠይቄ፣ አንብቤና በዘመዶቼ መካከል የሆነውን ተመልክቼ ያገኘሁትን ለመጽሔታችን አንባብያን ለማቅረብ አስቤአለሁ።

ጥሪን ማዞር ማለት ሰው በአንድ ቁጥር ሲደውል ጥሪው በዚያው ሳይቀር የቁጥሩ ባለቤት ወደ ወሰነው ወደ ሌላ ስልክ ሄዶ እንዲጮኽ ማድረግ ነው። የቴሌ ሰዎች ኮል ፎርዋርዲንግ ይሉታል። ደዋዩ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ጥሪው ጌዶ ይድረስ ዋሽንግተን ይድረስ አይታየውም። አንባቢ ይህን ነጥብ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ደዋዩ ካለማወቁ ነውና።

አሳቡ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገባና ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሥመር ከተዘረጋ በኋላ፣ ለረጅም ዘመን ጥሪን የሚያገናኘው ሰው ነበር። ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን በየከተማው የነበረው ስልከኛ ደንበኞቹን በስም ያውቃል፤ «እገሌን አገናኘኝ» ሲባል «አሁን ቤቱ የለም፤ ከእገሌ ሱቅ ነው» ብሎ ወደዚያ ያገናኛል። በቤቱ ስልክ ለሌለው ሰው ደግሞ የጥሪ ወረቀት በመልእክተኛ ይላክለትና በተቀጠረለት ሰዓት ቴሌ ቤት ሄዶ ይጠብቃል። ይህም በራሱ ጥሪን ማዞር ነው፤ የሚያዞረው ግን ኮምፒውተር ሳይሆን እግር ያለው ሰው ነበር።

ሰው የሚያዞረው ጥሪ ጉድለት እንዳለው የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ ከተማ አልሞን ስትራውጀር የሚባል፣ አስከሬን በማስቀበር ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። በከተማው የስልክ ቤት ውስጥ የምትሠራው ሴት የተወዳዳሪው ሚስት ስለ ነበረች፣ ሰው ስትራውጀርን ሲጠራ ጥሪውን ወደ ባልዋ ታዞርበት ነበር ተብሎ ይነገራል። እርሱም ተናዶ ያለ ሰው እጅ ጥሪን የሚያገናኝ መሣሪያ አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ጥሪ ተዞረብኝ ብሎ የተቈጣ ሰው ለዓለም አውቶማቲክ ስልክን ሰጠ ማለት ነው። ነገሩ ያስቃል፤ ዳሩ ግን ጥሪያችንን የሚያዞረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬም እንዳለ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ጥሪ የሚዞረው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በራሱ በስልኩ ኔትወርክ የሚሠራው ነው። ሁለት ኮከብ፣ 21፣ አንድ ኮከብ፣ ከዚያ ጥሪው የሚሄድበትን ቁጥር፣ በመጨረሻም መሰላል ጽፈን ስንደውል (**21*ቁጥር#) ጥሪ ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። በ21 ፈንታ 61 ከሆነ ስልኩ ጮኾ ሳይነሣ ሲቀር ብቻ፣ 62 ከሆነ ስልኩ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲያጣ፣ 67 ከሆነ ስልኩ ሲያዝ ብቻ ይዞራል። እነዚህ ቁጥሮች ጂኤስኤም በሚባለው የሞባይል ሥርዓት የተደነገጉ ናቸው። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ በቁልፍ ስልክም ይሠራል። ነገር ግን ከተዞረው ቁጥር እስከ ሁለተኛው ስልክ ላለው መንገድ በተለምዶ የሚከፍለው ያዞረው ሰው ነው። ስለዚህ የጊንጪ ነጋዴ ስልኩን ወደ ዱባይ ቁጥር አዙሮ ቢሄድ ወዳጆቹ ሁሉ በእርሱ ገንዘብ ዱባይ ድረስ ሲያወሩ ይከርማሉ።

ሁለተኛው፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆነው፣ በኢንተርኔት አማካይነት የሚደረገው ነው። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ በሲም ካርድ ላይ ያለ ቁጥር አይደለም። በውጭ አገር ያለ አንድ ድርጅት በኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሰው በየወሩ ኪራይ እየከፈለ ይይዘዋል። ለዚያ ቁጥር ሲደወል ኮምፒውተሩ ባለቤቱ የጻፈለትን ትእዛዝ አይቶ ጥሪውን ይልካል። የሚልክበትም መንገድ ሁለት ነው፤ ወይም በባለቤቱ ዘመናዊ ስልክ ላይ ወደ ተጫነ አፕ በዳታ ይልከዋል፤ ወይም እንደ ማንኛውም የውጭ ጥሪ ወደ ተለመደ የስልክ ቁጥር ይደውልለታል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ሁለተኛው በደቂቃ ስለሚታሰብ ወደ ኢትዮጵያ ሲሆን ውድ ነው። ሰዎች «በነፃ ነው» ሲሉ የሚናገሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ መሆኑን ብዙ ጊዜ ሳያስታውሱ ይቀራሉ።

ድምፅ በኢንተርኔት እንዴት እንደሚሄድ በክፍላችን ከተማርነው ጋር ስለሚገናኝ ጥቂት ላስረዳ። በተለመደው አሠራር መሣሪያው የሰውን ድምፅ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልክ በ8 ቢት ይጽፈዋል። ሁለቱ ሲባዙ በሴኮንድ 64,000 ቢት ይሆናል። ይህም በአንድነት አይላክም፤ በሴኮንድ 50 ቦታ ተቈራርጦ በጥቅል በጥቅል ይሄዳል። እያንዳንዱ ጥቅል 160 ባይት ድምፅ ሲይዝ፣ በላዩ ደግሞ የሚሄድበትን አድራሻ የሚያሳይ 40 ባይት ይጻፍበታል። በፖስታ እንደሚላክ ደብዳቤ ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ፖስታውም አብሮ ይመዘናል። እንግዲህ 200 ባይት በ50፣ ደግሞም በ60 ሴኮንድ ሲባዛ፣ አንድ ደቂቃ ንግግር በአንድ ወገን 600,000 ባይት ይወስዳል። መስማትና መናገር ሁለት ወገን ስለ ሆነ 1.2 ሜጋባይት፣ በ10 ደቂቃ 12 ሜጋባይት ማለት ነው። ድምፁን አጥብበው የሚልኩ አፖች ከዚህ በጣም ያነሰ ይበቃቸዋል። የዳታ ጥቅል የሚገዛ ተማሪ ሒሳቡን ራሱ ሠርቶ ሊያየው ይችላል።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልመለስ። አንድ የአጎቴ ልጅ በአምቦ ተቀምጦ እንግዶችን ወደ ወንጪ ሐይቅ እየመራ ይተዳደራል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ስለ ተመረጠ ስሙ በውጭ አገር ይሰማል። ዳሩ ግን በአሜሪካ ያለ ሰው በ+251 የሚጀምር ቁጥር ሲያይ ዋጋውን ፈርቶ ሳይደውል ይቀራል። የአጎቴ ልጅ የአሜሪካ ቁጥር ከተከራየ ወዲህ እንግዳው በአገሩ ውስጥ እንደሚደውል አድርጎ ይደውላል፤ ጥሪው ግን አምቦ ይጮኻል። ስልኩ ቢሰበርበት በሌላ ስልክ ላይ አፑን ከፍቶ በዚያው ቁጥር ይቀጥላል። ቁጥሩ ከእርሱና ከጓደኛው ስልክ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጮኽም አድርጎታል፤ አንደኛው ተራራ ላይ ኔትወርክ ቢያጣ ሁለተኛው ያነሣል። በሌሊት ደግሞ ሰዓታችን ከአሜሪካ ሰዓት ስለሚለይ ጥሪው ሳይጮኽ መልእክት እንዲቀበል አዝዞታል። ይህ ሁሉ በተለመደው ሲም ካርድ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ የአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ በጌዶ ይኖራሉ። ልጆቻቸው አራት ሲሆኑ ሦስቱ በአሜሪካ በተለያዩ ከተሞች ናቸው፤ አራተኛው ከእርሳቸው ጋር ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ልጅ የስልክ ካርድ እየገዛ በየራሱ ይደውል ነበር፤ ካርዱም ያልቅና «እማዬ…» እንዳለ ይቋረጣል። ትልቋ ልጅ አንድ የኢንተርኔት ቁጥር ተከራይታ ጥሪው ጌዶ ባለው ወንድምዋ ስልክ ላይ በአፕ እንዲጮኽ አደረገች። ከዚያ በኋላ ሦስቱም፣ የአሜሪካ ጎረቤቶቻቸውና የዕድራቸው ሰዎች ጭምር በአንድ ቁጥር ይደውላሉ። አክስቴ ስልኩን ተቀብለው «አካም፤ ኤኙ?» ሲሉ ከወዲያ የሚሰማው ድምፅ ከጎረቤት የመጣ ይመስላል። የሚከፈለው የቁጥሩ ኪራይና በጌዶ የሚገዛው ዳታ ብቻ ነው። ለቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን ነገር ማጣጣል አይቻልም።

እንዲህ ሲሆን ሳለ ባለፈው ክረምት በነሐሴ መብራት ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ሆነ። የልጁ ዘመናዊ ስልክ ባትሪው አለቀ፤ ዳታውም ከዚያ በፊት እየደከመ ነበር። ከአሜሪካ የተደወለው ሁሉ የሚያገኘው «መልእክትዎን ይተዉ» የሚል የተቀዳ የእንግሊዝኛ ድምፅ ነበረ። አክስቴ በዚያ ሰሞን ደም ግፊት ይዞአቸው ስለ ነበር ልጆቻቸው የጠረጠሩት ሌላ ነገር ነው። ትልቋ ልጅ በሦስተኛው ቀን እያለቀሰች ወደ አባቴ አምቦ ደወለች፤ አባቴም የማለዳ ሚኒባስ ይዘው ጌዶ ድረስ ሄዱ። አክስቴ ቡና እያፈሉ ነበር። ለካ የእርሳቸው አሮጌ ቁልፍ ስልክ ሦስቱንም ቀን ሳይዘጋ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ልጆቹ ግን በርካሹ ቁጥር መደወል ከጀመሩ ወዲህ ያንን ቁጥር አንዱም በስልኩ ውስጥ አላስቀረውም። በእኔ አስተያየት ዋናው ጉዳት ይህ ነው። ርካሹ መንገድ ሲለመድ የቀደመው መንገድ ይረሳል፤ ርካሹ የተዘጋ ዕለትም ቤቱ በሁለቱም ወገን ይዘጋል።

መብራት ብቻ አይደለም የሚያቋርጠው። የአምቦ ልጅ የሆነው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተገደለ በኋላ በማግሥቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ የሞባይል ኢንተርኔት የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ሰኔ 25 ቀን በአምቦ ሲቀበር፣ የሰው ሁሉ ልብ ዘመዱ ዘንድ ሳለ፣ በኢንተርኔት ላይ የቆመ ጥሪ ሁሉ ዝም ብሏል። የተለመደው ስልክ በሚሠራበት ስፍራ ሰው በእርሱ ተጠያየቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት ከታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ እስከ መጋቢት ድረስ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በጎረቤታችን በሆሮ ጉድሩ የተለመደው ስልክም ጭምር ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ የተለመደው ስልክ ፈጽሞ አይዘጋም ለማለት አልችልም። የምለው የኢንተርኔቱ ጥሪ የሚዘጋበት ምክንያት ይበዛል ነው፤ መብራት፣ ባትሪ፣ ዳታ፣ ኢንተርኔት፣ አፑ፣ ድርጅቱ፣ የኪራዩ ክፍያ፣ ሁሉም በአንድነት ደኅና መሆን አለባቸውና።

ስለ ድርጅቱ ሳነሣ የስካይፕን ነገር ልጥቀስ። ስካይፕ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 የገዛው ታላቅ አገልግሎት ነበር። ቁጥር ያከራይ፣ ጥሪም ያዞር ነበር። እንዲህ ያለው ትልቅ ነገር ይዘጋል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋ። በእርሱ ቁጥር ተከራይተው የነበሩ ሁሉ ሌላ ድርጅት መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ጉግል ቮይስ የሚባለውም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አገልግሎት በአሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ በመሆኑ ጥሪን ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር አያዞርም። የተከራዩት ቁጥር እንደ ተከራዩት ቤት ነው፤ አከራዩ ውጣ ያለ ዕለት ይወጡለታል። በሱቅ በር ላይ በቀለም ያስጻፉት፣ በካርድ ያሳተሙት ቁጥር ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ያይላል። ኪራዩም የሚከፈለው በዶላር፣ በውጭ ባንክ ካርድ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በውጭ ያለ ዘመድ ነው፤ እርሱ ሲታመም ወይም ሥራ ሲያጣ ቁጥሩም አብሮት ይታመማል።

ቀጥሎ ያለው ጉዳት የፊዚክስ ነው። አንድ አሜሪካዊ እንግዳ አምቦ ሆቴል አርፎ በአሜሪካ ሲም ካርዱ ለአጎቴ ልጅ ይደውላል እንበል። የአጎቴ ልጅ ከሆቴሉ በር ላይ ቆሟል። ድምፁ ግን ከሆቴሉ ተነሥቶ አሜሪካ ይሄድና ከዚያ ተመልሶ አምቦ ይመጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በቀጥታ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 23,000 ይሆናል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ለመንገዱ ብቻ 0.115 ሴኮንድ ይወስዳል። ገመዱ ደግሞ እንደ አሞራ በቀጥታ አይሄድም፤ ወደ ባሕር ወርዶ በባሕር ውስጥ ይዞራል፤ በየመንገዱም ጥቅሎቹ ወረፋ ይጠብቃሉ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር የሚመክረው በአንድ ወገን ከ0.150 ሴኮንድ እንዳይበልጥ ነው። ሲበልጥ ሰዎች አንዱ በሌላው ቃል ላይ እየገቡ «ሀሎ! ሀሎ!» ማለት ይጀምራሉ። ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን በዓይኑ እያየ በስልክ መስማማት ሲያቅታቸው አይቻለሁ፤ በመጨረሻ እጅ በማውለብለብ ተግባቡ።

ሕግን የሚመለከተውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከልክሎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት በሚሰጥ ሰው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው በስካይፕ ከእኅቴ ጋር ማውራቴ ሊያሳስረኝ ነው ብሎ ደንግጦ ነበር፤ መንግሥት ግን አዋጁ ለግል መነጋገሪያ የሚጠቀመውን ሰው ለመቅጣት የወጣ አለመሆኑን አስረዳ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራውን በይፋ ጀመረ። አንባቢ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። ለራስ ቤተ ሰብ ጥሪ ማዞር አንድ ነገር ነው፤ ያለ ፈቃድ የሰውን ጥሪ እየተቀበሉ በገንዘብ ማዞር ሌላ ነገር ነው። ሲም ቦክስ የሚባለው መሣሪያ ይህን የሚሠራ ነው። ብዙ ሲም ካርድ ተሰክቶበት ከውጭ የመጣውን ጥሪ በኢንተርኔት ይቀበልና ከአገር ውስጥ እንደ ተደወለ አድርጎ ያስተላልፋል። እኅታችን ከጅዳ እየደወለች በስልካችን ላይ የማናውቀው የ09 ቁጥር ሲታየን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። አገሪቱ ከውጭ ጥሪ ልታገኝ የሚገባት የውጭ ምንዛሪ በዚህ መንገድ ይቀርባታል።

ከሁሉ ይልቅ ወላጆች እንዲያነቡልኝ የምፈልገው የሚከተለውን ነው። በጊንጪ ጤፍ የሚነግዱ አንድ የአባቴ ወዳጅ አሉ። አንድ ቀን አንድ ሰው ደውሎ «ከቴሌ ነው፤ መሥመርዎ ሊዘጋ ስለ ሆነ የምነግርዎትን ቁጥር ይደውሉ» አላቸው። የነገራቸውም ሁለት ኮከብ 21 ብሎ የሚጀምር ነበረ። እርሳቸው እንደ ታዘዙት ደወሉ፤ ሰውየውም አመሰገናቸው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለእርሳቸው የሚደወለው ሁሉ ለዚያ ሰው ይጮኽ ጀመር። በአዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ሲደውል የማያውቀው ሰው አንሥቶ «አባትህ መኪና ገጭቷቸው ሐኪም ቤት ናቸው፤ እኔ ነኝ ያነሣኋቸው፤ ለመድኀኒት ቶሎ ላክ» አለው። ልጁ በአባቱ ቁጥር የደወለ ስለ ሆነ አልጠረጠረም፤ ወደ ተነገረው ቁጥር ገንዘብ ላከ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብ መላክን የአንድ ደቂቃ ሥራ አድርጎታል፤ ለሌባም ቢሆን እንደዚያው ነው። ሽማግሌው ሁለት ቀን ሙሉ «ምነው ዛሬ ሰው ረሳኝ» እያሉ ሱቃቸው ተቀምጠው ነበር።

እንዲህ ያለው ሌባ ሌላም ነገር ያደርጋል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ሰውን ለማረጋገጥ የሚሰጡትን ምስጢራዊ ቁጥር በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በስልክ ጥሪም የሚናገሩበት ጊዜ አለ። የጽሑፍ መልእክት በዚህ መንገድ አይዞርም፤ የድምፅ ጥሪ ግን ይዞራል። ጥሪው ወደ ሌባው ከተዞረ ምስጢሩንም እርሱ ይሰማዋል፤ በሰውየውም ስም ገብቶ ከዘመድ ሁሉ ብድር ይጠይቃል። በኢንተርኔት በተከራዩት ቁጥር ደግሞ ሲም ካርዱን መስረቅ እንኳ አያስፈልገውም፤ የይለፍ ቃሉን ካገኘ በየትም አገር ሆኖ ትእዛዙን ይለውጣል። የካንሳስ ሲቲዋ ሴት ከስልክ ቤት ወንበር ላይ ሆና የሠራችውን ዛሬ ማንም ከአልጋው ላይ ሆኖ ሊሠራው ይችላል ማለት ነው።

ስልካችን ተዞሮ እንደ ሆነ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ኮከብ፣ መሰላል፣ 21፣ መሰላል (*#21#) ብሎ መደወል ነው፤ ወደ ማን እንደ ተዞረ ስልኩ ራሱ ጽፎ ያሳያል። ለማጥፋት ሁለት መሰላል፣ 21፣ መሰላል (##21#)፤ የተዞረውን ሁሉ በአንድነት ለማጥፋት ደግሞ ሁለት መሰላል፣ 002፣ መሰላል (##002#) ነው። የጊንጪው ነጋዴ በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ተማሪ ይህን አሳይቷቸው ጥሪያቸው ተመለሰ፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

ወደ ጌዶ ቤተ ሰብ ስመለስ፣ የኢንተርኔቱን ቁጥር አልተዉትም፤ እንዲተዉትም አልመክርም። በአንድ ዓመት ውስጥ ያወሩት ወሬ በካርድ ቢሆን ኖሮ ከአቅማቸው በላይ ነበር። ያደረጉት ትእዛዙን መለወጥ ነው። አሁን ጥሪው በመጀመሪያ 20 ሴኮንድ በአፑ ላይ ይጮኻል፤ ያነሣው ከሌለ ወደ አክስቴ ቁልፍ ስልክ ይሄዳል፤ ለዚህ ለሁለተኛው መንገድ በደቂቃ የምትከፍለው ትልቋ ልጅ ናት። በክረምት ወራት ክፍያው ይጨምራል፤ በበጋ ከሞላ ጎደል ምንም የለም። የእንግሊዝኛውን ድምፅ አውጥተው ትልቋ ልጅ በኦሮምኛ ያስቀረጸችውን አስገቡበት። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት እርሷና ጌዶ ያለው ወንድምዋ ብቻ ናቸው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድምፅ ከመጣ ሳይላክ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ የቤቱ ደንብ ሆኗል።

ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት ጌዶ ሄጄ ሳለ ከአክስቴ መደርደሪያ በላይ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ሦስት ቁጥሮች አሉበት። የመጀመሪያው የኢንተርኔቱ ነው፤ ሁለተኛው የአክስቴ የራሳቸው ሲም ካርድ ነው፤ ሦስተኛው ከመንገዱ ማዶ ያለው የባለ ሱቁ ነው። በአሜሪካ ያሉት ልጆችም ይህንኑ ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥተው በየቤታቸው አስቀምጠዋል። ባለ ሱቁ የአክስቴ ስም ሲነሣ ከመደብሩ ወጥቶ ይጣራል፤ አክስቴም ነጠላቸውን ደርበው መንገዱን ይሻገራሉ።